«ሠዓሊ» ብቻ ብለው ይጻፉልኝ

ለዛቫንሼ፣ ጄኔቭ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኅሩይ፤

ዙሪክ እንደምን ይዛሃለች? ብርዱስ እንዴት ነው? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከሚያጉረመርምብኝ በቀር ደህና ነኝ፤ የጠበቀኝ ጌታ የተመሰገነ ይሁን። አባትህ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ያውም ባንድ ጓሮ ያደግን። ስለዚህ የሩቅ ዘመድ ናት ብለህ ዝም ብትለኝ አልቀበልህም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ምን ላድርግ? ስልክ ስደውልልህ አታነሳም። ስታነሳም «ደህና ነኝ እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ጠረጴዛህ ላይ ቁጭ ብሎ ያይሃል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ሮዝሊን የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፤ አገሯ ሃይቲ ነው። የማበስልበት የዲፕሎማት ቤት ሐሙስ ሐሙስ ዕረፍት ይሰጠኛልና፣ ባለፈው ሐሙስ እጄን ይዛ ሰፈራችን አዳራሽ ስብሰባ ወሰደችኝ። ለካስ በሰኔ የጥቁር አርቲስቶች ፌስቲቫል ሊያዘጋጁ ኖሯል። ዘፋኙም፣ ተወዛዋዡም፣ ሠዓሊውም፣ ልብስ ሰፊውም እዚሁ በየፎቁ ተቀምጦ ሥራውን የሚያይለት ሰው የለም፤ እኛ ጎረቤቶቹ ካላየንለት ማን ያይለታል ነው ነገሩ።

እኔ ሞኟ ታዲያ «እኔን ምን አመጣኝ? እኔ እኮ ሐበሻ ነኝ» አልኳት።

ሮዝሊን ከት ብላ ሳቀች። «ሱቅ ስትገቢ ዘበኛው ከኋላ ከኋላሽ የሚሄደው ሐበሻ መሆንሽን ጠይቆሽ ነው?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆየና የአዳራሹ ኃላፊ፣ ኒኮላ የሚባለው ቀጭን ልጅ፣ «ሠዓሊ የሚያውቅ አለ?» ሲል እጄን አወጣሁ። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ የተመረቀ፣ ዙሪክ የሚኖር የዘመዴ ልጅ አለኝ አልኩ። ትንሽ ሳላበዛውም አልቀረሁ። እንግዲህ አንድ ሙሉ ግድግዳ ላንተ ተይዟል። ከሥራዎችህ የምትወዳቸውን መርጠህ ይዘህልኝ ና፤ ማረፊያህ እኔው ቤት ነው።

ጾሙ ሳይገባ አንድ ቀን ብቅ ብትል ደግሞ ዶሮ አለ። እመብርሃን ከክፉ ትጋርድህ፤ በሄድክበት ሞገስ ትሁንህ።

አክስትህ ሙሉመቤት


ቪዲኮን፣ ዙሪክ
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ ሙሉመቤት፤

ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎስ? ደብዳቤዎ በጊዜው ደርሶኝ ሳለ ይህን ያህል በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዳሉትም ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ነው የከረመው። አብሮኝ የሚኖረው አብዱ፣ የወሎው ልጅ፣ ራት በቀረበ ቁጥር «ለእትዬ መለስክላቸው?» እያለ ምግብ ሊያስጠላኝ ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። አሁንም የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቬሸራይ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራውን ለምጄዋለሁ፤ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው።

ስለ ፌስቲቫሉ ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ። ግን እትዬ፣ እኔ ሥዕል ትቻለሁ። ቀለሞቼም ደርቀው ጥያቸዋለሁ። ግድግዳው ለሌላ ሰው ቢሰጥ ይሻላል፤ ሎዛን አንድ ጎበዝ ሱዳናዊ ሠዓሊ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስልኩን አፈላልጌ ልልክልዎ እችላለሁ። በእኔ ምክንያት ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ነው ቀድሜ የነገርኩዎ።

ዶሮው ስላመለጠኝ አዝኛለሁ። ጉልበትዎን እባክዎ ሐኪም ይየው።

አክባሪዎ ኅሩይ


ለዛቫንሼ፣ ጄኔቭ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኅሩይ፤ ሰላምና ጤና ከፊትህ ይቅደም፤

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ትቻለሁ ትለኛለህ። ሰው ሲጋራ ይተዋል፣ ሰው መጠጥ ይተዋል፤ ሥዕል የተወ ሰው ግን ገና ከአንተ መስማቴ ነው። ገና ፊደል ሳትቆጥር፣ እናቴ ለፋሲካ ያስለሰነችውን ግድግዳ በከሰል ሞልተህ የቀበሌውን ሊቀመንበር ከነቦርጩ ስለኸው አልነበር? አባትህ አርጩሜ ይዞ ሲፈልግህ ከቀሚሴ ሥር የደበቅኩህ እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ ራሱ መጥቶ አይቶት፣ «ቦርጩ በዛ እንጂ እኔን ነው» ብሎ ሄደ። እንዲህ ያለ እጅ አይተውም።

ሱዳናዊውን አልፈልግም። እሱን የሱዳን አክስቱ ትፈልገው።

ለማንኛውም አንድ የምሥራች አለኝ። ኒኮላ ስምህን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ፣ አንድ ጊዜ ዙሪክ ላይ ያሳየኸውን ሥዕል አገኘው! ሌሊት፣ ባሕር፣ ጀልባ፣ በላዩ ሰዎች። ኮሚቴው በሙሉ ተሰብስቦ አየው። ሕብስትን ታውቃታለህ፣ ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው፤ እሷማ እንባዋ መጣ። ወዲያው ለፌስቲቫሉ ማስታወቂያ እሱ ይሁን ተባለ። ረቂቁን ከዚህ ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ። ከታች በፈረንሳይኛ የተጻፈው «ስደተኛው ሠዓሊ ኅሩይ፤ ከባሕር የተረፈ ብሩሽ» ማለት ነው። ያምራል አይደል? በየአውቶቡስ ማቆሚያው ሊለጥፉት ነው። እኔ አሁን ከወዲሁ ኩራቱ ይዞኛል።

እሺ በለኝና አንድ መስመር ጻፍልኝ። አምላክ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ።

አክስትህ ሙሉመቤት


ለዛቫንሼ፣ ጄኔቭ
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኅሩይ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ጾሙ ገብቶ ወጣ፤ ካንተ ግን አንዲት ቃል የለም። ለፋሲካ ስደውል አብዱ አነሳው። እሱ አይዋሽልኝም። «ደህና ነው እትዬ፣ ሥራም ይሄዳል። ግን ያንን የላኩትን ወረቀት ከከፈተ ወዲህ ብዙ አያወራም» አለኝ። ምን ሆነ ስለው «ራሱ ቢነግርዎ ይሻላል» አለ።

ወረቀቱን አውጥቼ ደጋግሜ አየሁት። እኔ የሚታየኝ ጎበዝ ልጄ የሳለው ሥዕልና ስምህ በትልቁ ተጽፎ ነው። ያላየሁት ነገር ካለ አሳየኝ። አጥፍቼም ከሆነ ንገረኝ፤ አሮጊት ናት ይከፋታል ብለህ አትለፈኝ። አንተ ከምትርቀኝ ፌስቲቫሉ ቢቀርብኝ እመርጣለሁ።

ስለ ሥዕል አልጠይቅህም። በልተህ ማደርህን ብቻ ጻፍልኝ።

ሙሉመቤት


ቪዲኮን፣ ዙሪክ
ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለእትዬ ሙሉመቤት፤

እንኳን አብሮ አደረሰን። ስላስጨነቅኩዎ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ምንም አላጠፉም። ሳልነግርዎ ከየት ያውቁታል?

በሥዕሉ መሐል፣ ውሃው ውስጥ ሆኖ ወደ ጀልባው ጠርዝ እጁን የዘረጋ ሰው አለ። ስሙ ተሻገር ይባላል። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስወጣ ኮልፌ አንድ ክፍል ተጋርተን የኖርነው ከእሱ ጋር ነው። ፀጉር አስተካካይ ነበር። ከአገርም አብረን ወጣን። ባሕሩ ላይ እኔ ተረፍኩ፤ እሱ አልተረፈም። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሌሊት አልጽፍልዎም።

እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ማኅበር የስደተኞች የሥዕል ትርኢት ሲያዘጋጅ ጠሩኝ። የሠራሁትን ይዤ ሄድኩ። የኮልፌን ገበያ ስዬ ነበር፤ የአብዱን እጆች ሊጥ ሲያቦኩ ስዬ ነበር። አይተው «ቆንጆ ነው፣ ግን ያንተ ታሪክ የቱ ጋ ነው? ጉዞህን ሳልልን» አሉኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሊረዱኝ ነው። ጀልባውን ሳልኩት። ሰው አለቀሰ፣ እጄን እየጨበጠ ስንት ቀን ባሕር ላይ እንደቆየን፣ ስንት ሰው እንደነበርን ጠየቀኝ። ሥዕሉ በመክፈቻው ዕለት ተሸጠ። ማን እንደገዛው አላወቅኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አብዱን ጥርሱን አመመውና፣ ጀርመንኛው ገና ስለነበር ላስተረጉምለት ጥርስ ሐኪም ቤት አብሬው ሄድኩ። ተራ መጠበቂያው ክፍል ተቀምጠን ቀና ስል ተሻገር ከግድግዳው ላይ ያየኛል። ከሥሩ የመጽሔት መደርደሪያ፣ ከጎኑ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ። ሰው ጉንጩን ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ተሻገር እጁን ዘርግቶ እየሰመጠ ነው። አብዱን እዚያው ትቼው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ብሩሽ በያዝኩ ቁጥር የሚመጣልኝ ያ ፊት ብቻ ሆነ። ገበያ ልሳል ብል እሱ፣ ዛፍ ልሳል ብል እሱ። የተውኩት ለዚህ ነው። አሁን ደግሞ በየአውቶቡስ ማቆሚያው ሊለጠፍ ነው ሲሉኝ ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ አጣሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ሥዕሉን ከማስታወቂያው ላይ ያንሱልኝ። ስሜን ማውጣት የሚያስቸግር ከሆነም፣ ስደተኛውንም ባሕሩንም ትተው «ሠዓሊ» ብቻ ብለው ይጻፉልኝ። አሁን እሱን እንኳ መሆኔን አላውቅም፤ ቢሆንም ከሌላው ይሻላል።

በልቼ ነው የማድረው፤ አብዱ እያለ ጾም አይታደርም።

ልጅዎ ኅሩይ


ለዛቫንሼ፣ ጄኔቭ
ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ዓይኔ፣ ኅሩይ፤

ነፍሱን በገነት ያኑርልን። ደብዳቤህን አውቶቡስ ውስጥ ከፍቼው መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ተሻገርን ሳላውቀው ወደድኩት። «ያምራል አይደል» ብዬ የጻፍኩልህ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ራሴን ልመታው ምንም አልቀረኝም። በል እሱን እንለፈው፤ የሆነውን ልንገርህ።

ያን ዕለት ወደ ቤት አልገባሁም፤ በቀጥታ አዳራሹ ሄድኩ። ማስታወቂያው ታትሞ መጥቶ ገና በገመድ እንደታሰረ ጥግ ላይ ተከምሯል። ኒኮላን «ይሄ አይለጠፍም» አልኩት።

«ምነው ማዳም ሙሉ?»

«ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው የልጄ ወንድም ነው። ሞቷል። የሞተ ሰው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ አንለጥፍም።»

ልጁ ደነገጠ። ክፋት የለበትም፣ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ግን ቆይቶ «ማዳም ሙሉ፣ ሰው የሚመጣው ታሪክ ሲነካው ነው። ደግሞ እንደገና ለማሳተም አቅሙ የለንም» አለኝ። እኔ ፈረንሳይኛዬ ስናደድ ይጠፋል። ደግነቱ ሮዝሊን ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች። ነገሩን ነገርኳት። ወረቀቱን አንስታ አነበበችና ወደ ኒኮላ ዞረች።

«እኔ በዚህ ፌስቲቫል ልብሶቼን አሳያለሁ አይደል?»

«አዎ።»

«ስለ እኔ የጻፍከው ምን ይላል?»

«ሮዝሊን፣ ዲዛይነር፤ ይላል።»

«ጎሽ። 'ከሃይቲ መሬት መንቀጥቀጥ የተረፈች መርፌ' አላልክም። ብትል ኖሮ በዚያችው መርፌ እወጋህ ነበር።»

ኒኮላ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ መሳቁን አቆመና ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እኔ እንዲህ አላሰብኩትም ነበር» አለ። «እኔም አላሰብኩትም ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው፤ እኔም አላሰብኩትም።

ታዲያ ምን እናድርግ ሲባል ሮዝሊን በእጃችን እንሥራው አለች። ይኸው ዛሬ የሐሙስ ዕረፍታችንን አዳራሹ ውስጥ ዋልን። በየኤምባሲው ሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶቻችን በሙሉ መጡ፤ ሮዝሊን ቁርጥራጭ ጨርቋን በከረጢት አወረደች፤ በፌስቲቫሉ የሚጫወተው የሴኔጋሉ ከበሮ መቺ ሙጫ በጠበጠ። የታተመውን ገልብጠን በጀርባው በባዶው በኩል ጨርቅ ለጠፍን፣ ቀለም ቀባን። አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ሕብስት ዶሮ ልሥራ ብላ ግመል ወጣት። የእኔን ባታየው ይሻልሃል። ኒኮላ እንኳን እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ ቢጫ ሆነ። ከታች ስማችሁን በተራ ጻፍነው፤ ያንተን እኔ ነኝ የጻፍኩት፦ «ኅሩይ፣ ሠዓሊ፣ ዙሪክ»። ሌላ ነገር የለበትም።

ግድግዳው አሁንም ያንተ ነው። ባዶ እንዲሆን ከፈለግክ ባዶ ይሁን፤ እኔ ሰው ጠየቀኝ ብዬ አልጨነቅም። አንተ ግን ና። ሥዕል ሳትይዝ እጅህን እያወዛወዝክ ና፤ ከእኔ ጋር ብላ፣ ሙዚቃ ስማ፣ ሂድ። የምለምንህ ይህንን ብቻ ነው።

ያሳደገህ አምላክ ያጽናናህ።

አክስትህ ሙሉመቤት


ቪዲኮን፣ ዙሪክ
ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሙሉመቤት፤

እግዜር ያክብርዎ። ሮዝሊንንም እጅ ነሥቷል ይበሉልኝ። የሕብስትን ግመል ሳላይ መሞት አልፈልግም።

ደብዳቤዎን ለአብዱ አነበብኩለት። መርፌው ጋ ስደርስ እንጀራው ትን ብሎት ውሃ አቀበልኩት። ሲረጋጋ «ተሻገር ግን ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለኝ። አብረን ስንኖር ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም። ልነግረው አፌን ስከፍት ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ስለዚህ እርሳስ አነሳሁና ከእንጀራው መጠቅለያ ወረቀት ላይ አገጩን ሳልኩለት፤ ተሻገር አገጩ ለብቻው ይስቃል። ቀጥሎ ሱቁን። ቀጥሎ መስታወቱን፣ ጥጉ የተሰነጠቀውን። በማግስቱ አብዱ ከሥራ ሲመለስ ከራሱ ኪስ ቀለም ገዝቶ መጣ።

ከዚያም ጥርስ ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ደጃፏ እስክደርስ አላውቀውም ነበር። ሥዕሉን የሳልኩት እኔ ነኝ ስላት ከሕክምና ክፍሏ ወጥታ እጄን ጨበጠችኝ፤ በየቀኑ እንደምታየው ነገረችኝ። እኔም መሐል ላይ ያለው ጓደኛዬ እንደሆነ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ማየቱ እንደሚከብደኝ ነገርኳት። ወንበር አምጥታ ላዩ ላይ ወጣችና በራሷ እጅ አወረደችው። «ቤቴ ወስጄ አስቀምጠዋለሁ፤ መልሰህ ብትፈልገው ግን ያንተ ነው» አለችኝ። አልወሰድኩትም። ስሙን ግን ጠየቀችኝ፤ እየደጋገመች እስክትለምደው ድረስ አስጠናኋት።

ስለዚህ እትዬ፣ ግድግዳው ስንት ይሰፋል? ብዙ አይደለም የማመጣው። ምናልባት አንዱ በጊዜው አይደርቅ ይሆናል። ለኮሚቴው አሁኑኑ አይንገሩብኝ፤ ሐሳቤን ብለውጥ እንዳይጠብቁኝ።

ልጅዎ ኅሩይ


ለዛቫንሼ፣ ጄኔቭ
ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኅሩይዬ፤

እልል ብዬ ሮዝሊን ከላይ ወለሉን ደበደበችብኝ። ወጥታ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። ሕብስትም ስትደውል ነገርኳት። ከእነሱ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ኒኮላ ከሰማ ከእነሱ ነው።

ግድግዳውን በነጠላዬ ለካሁት፤ ሁለት ነጠላ ከመቀነት ይሆናል። ኒኮላ ለአንተ እንዲገባህ ብሎ በሜትር የለካውን ከኋላ ጽፎልሃል። ባልደረቀው ሥዕል አትጨነቅ፤ አጠገቡ ቆሜ ልጅ እንዳይነካው እጠብቃለሁ። አብዱንም ይዘኸው ና። ልጁ ሙስሊም ስለሆነ ሥጋውን ከሶማሌው ልኳንዳ አስመጥቼ ለብቻው በሌላ ድስት እሠራለታለሁ፤ እንዳይሳቀቅ ንገረው። ሮዝሊን ደግሞ የሸሚዝ ልኩን ላኩልኝ ብላለች።

ግድግዳው ባዶ ቢሆን አልጨነቅም ብዬ ነበር። አሁን ግን እቆጣለሁ።

መንገድህን መልአኩ ይጥረግልህ።

አክስትህ ሙሉመቤት


ቪዲኮን፣ ዙሪክ
ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ሙሉመቤት፤

በሰላም ገብተናል። አብዱ ሮዝሊን የሰፋችለትን ሸሚዝ እንደለበሰ ባቡሩ ውስጥ ተኛ፤ ዛሬም እሱኑ ለብሶ ነው ሥራ የሄደው። ያበሉን፣ ያሳደሩን እጅዎ አይድከም።

እርስዎ ቅዳሜ ዕለት ወጥ ቤት ነበሩ። ብቅ እያሉ «በላህ?» ከማለት በቀር ግድግዳዬ ጋ የሆነውን አላዩም። ማታ ልነግርዎ ስል ቤትዎ እንግዳ ሞልቶት ነበር። እዚህ ልጻፍልዎ።

ጠዋት ተሻገርን መሐል ላይ ሰቅዬው ነበር፤ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ቶንዶሱን ከነገመዱ ይዞ፣ በሌላው የበሩን መቃን ተደግፎ እየሳቀ። ሰው «እንዴት ሞተ?» ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ተደበቅኩ። ሰዎች መጡ፣ አዩ፣ አለፉ። ከሰዓት በኋላ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ትልቅ ሴት መጥታ ቆመች። ኋላ እንደሰማሁት የኮንጎ ሰው ናት፤ እዚያው ጄኔቭ፣ ሻትሌን ሰፈር ነው የምትኖረው። ቆማ ቆማ አልሄድ ስትል ሕብስት ከተደበቅኩበት አይታ ጎትታ አወጣችኝ።

«ሠዓሊው አንተ ነህ?» አለች ሴትየዋ።

«ነኝ።»

«ይሄ ሰውዬ በምንድን ነው እንዲህ የሚስቀው?»

እትዬ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ፈረንሳይኛዬን ያውቁታል፤ ሕብስት ታስተርጉምልኝ ብዬ ጀመርኩ። አንድ ቀን የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ ጋሽ ሽፈራው፣ ለወዳጃቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱ፣ ፀጉራቸውን ሊቆረጡ መጡ። ተሻገር ግማሹን አንስቶ ሌላው ግማሽ ሲቀር...

«መብራት ጠፋ!» አለች ሴትየዋ፣ ሕብስት ገና ሳትተረጉም። ቶንዶሱንና የተንጠለጠለውን ገመድ አይታ ነው። «ኪንሻሳ! ይሄ ኪንሻሳ ነው!»

አዎ፣ መብራት ጠፋ አልኳት። ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ አልመጣም። መቀስ ብንፈልግ ተሻገር እንዲሞረድ ሰጥቶታል። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው ይጣራሉ። በመጨረሻ ተሻገር የራሱን ባርኔጣ ደፋላቸውና ጋሽ ሽፈራው ሄዱ። ልጅቷ ቤት ሲደርሱ አባትየው «ባርኔጣዎን አያወልቁም?» አሏቸው። እንዴት ያውልቁ? አላወልቅም ማለት ደግሞ ንቀት ነው። አወለቁት። የልጅቷ እናት ከጓዳ ብቅ ብለው አይተው ሳቁ፣ አባትየው ሳቁ፣ ልጅቷም ከመጋረጃው ጀርባ ሳቀች። ተፈቀደ። በማግስቱ ጋሽ ሽፈራው የቀረውን ሊቆረጡ መጥተው፣ «አንተ የማትረባ፣ ከሽማግሌው ሁሉ እኔን ነው ያከበሩኝ፤ ለሠርጉም ግማሹን ተውልኝ» ብለው ወጡ። ሥዕሉ ላይ ተሻገር የሚስቀው በዚያን ሰዓት ነው፤ እሳቸው ከሱቁ ወጥተው ሲሄዱ ከኋላቸው እያያቸው።

ጋሽ ሽፈራውን ሳስመስል ድምፄ የተሻገርን መሰለኝ፤ እሱ እንዲያ ነበር የሚያስመስላቸው። ሴትየዋ በሳቅ ጉልበቷን እየመታች የእኔን ትከሻ ይዛ ቆመች። ዙሪያውን ሰው ቆሟል። የሴኔጋሉ ከበሮ መቺ ዳካር ላይ ወንድሙ ለክርስትና ዕለት ግማሽ ጢም ይዞ እንደቀረ ተናገረ፤ ሌላው ደግሞ የራሱን ጀመረ። ሳቁ ሲበርድ ሴትየዋ «አሁን የት ነው?» አለችኝ። ሞቷል አልኳት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እንዴት ብላ አልጠየቀችኝም። «አንተንስ ግማሽ አድርጎህ ያውቃል?» አለች። ሁለት ጊዜ አልኳት።

እሷ ከሄደች በኋላ ውሃ ፍለጋ ልወጣ ስል ተመልሳ መጣች። ባሏን በእጅጌው እየጎተተች ነው፤ ሰውየው እርስዎ ያወጡለትን ምግብ ሳህኑን እንደያዘ። ግድግዳው ፊት አቆመችው።

«ለእሱም ንገረው» አለችኝ።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።

ልጅዎ ኅሩይ